አንድ ዝርያ ወይስ ሦስት? ከቤት ሼሜሽ ስለተላኩ ንብ መሳይ ኦርኪዶች

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ «የምኖረው እስራኤል፣ ቤት ሼሜሽ ነው። በየካቲት ከልጆቼ ጋር ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ስንዘዋወር ንብ ያረፈበት የሚመስል ትንሽ አበባ አገኘን። የመጀመሪያው ዙሪያው አረንጓዴ ነበር። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብለን ነጭ አየን፤ ከዚያ ደግሞ ሮዝ። መሀል ያለው ቡናማ ክፍል ላይ ያለው ጥለትም ከአንዱ አንዱ ይለያል። የስልኬ መተግበሪያ ለሦስቱ ሦስት ስም ሰጠኝ፦ ኦፍሪስ አምቢሊካታ፣ ኦፍሪስ ስኮሎፓክስ እና ኦፍሪስ አፒፌራ። እውነት ሦስት ዓይነት ናቸው? አራተኛው ፎቶ ላይ ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ቡናማ የሚባል ነገር የሌለበት አለ። እናቴ ጎንደር እያለሁ አውቀዋለሁ ትላለች። ሥሩን አምጥተን በረንዳ ላይ እንትከለው ወይ ብላም ጠይቃለች።»

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥዎት። ፎቶ አንድ፣ ሁለትና ሦስት አንድ ዝርያ ናቸው፤ ኦፍሪስ አምቢሊካታ። አምስተኛውም እሱው ነው፤ ቀለም ጎድሎበት ነው። ሌላ ዝርያ የሆነው አራተኛው ብቻ ነው። መተግበሪያው ከሦስቱ ስም አንዱን አግኝቷል ማለት ነው። ሥሩን መንቀሉን ግን ይተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

በዚህ አበባ ግራ የተጋቡት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን ኦርኪድ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎችም በኦፍሪስ፣ ማለትም እነዚህ ንብ መሳይ ኦርኪዶች በሚመደቡበት ወገን፣ ነገር አይስማሙም። ቤልጂጋዊው ፒየር ዴልፎርዥ በዚህ ወገን ውስጥ ከ250 በላይ ዝርያዎች ቆጥሯል። ዴንማርካውያኑ ፔደርሰንና ፋውርሆልት ደግሞ በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቁጥሩን ወደ 20 ገደማ አወረዱት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቤትማንና ባልደረቦቹ ዘረመሉን መርምረው በ2018 ባወጡት ጥናት ጥርት ብለው የሚለዩት 9 ትልልቅ ቡድኖች ናቸው አሉ። ሁሉም የሚያዩት ያንኑ ተክል ነው። አንዱ ትንሽ ልዩነት ባየ ቁጥር አዲስ ስም ያወጣል፤ ሌላው ልዩነቱን የአንድ ቤተሰብ መልክ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነኝ። ስም ሲበዛ ሰው አበባውን ማየት ትቶ ስም ማሳደድ ይጀምራል። ሌላ ባለሙያ ቢጠይቁ ግን ለአረንጓዴውና ለሮዙ የተለያየ ስም ሊሰጥዎት እንደሚችል ይወቁ።

አሁን ወደ አበባው ኑሮ እንሂድ። መልኩ የሚለያይበትን ምክንያት ሳያውቁ የቱን ምልክት ማመን እንዳለብዎ መለየት አይቻልም።

ኦፍሪስ ከካናሪ ደሴቶች ጀምሮ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሁሉ ይበቅላል፤ በምሥራቅ እስከ ኢራንና ቱርክሜኒስታን ይደርሳል። በዕብራይስጥ ድቮራኒት የሚሉት ይኸው ነው። ለንብ የሚሰጠው የአበባ ማር የለውም። አንዲት ጠብታ እንኳ የለውም። የሚኖረው በማታለል ነው። አበባው የሴቷን ንብ ጠረን ያወጣል። ወንዱ ንብ ሴት ያገኘ መስሎት ይመጣል፤ ከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ ሊጣመር ይታገላል። በትግሉ መሀል ሁለት ትናንሽ ቢጫ የብናኝ ጥቅሎች ግንባሩ ላይ ይጣበቁበታል። ተታልሎ ይሄዳል፤ ሌላ አበባ ላይ እንደገና ይታለላል፤ ብናኙም እዚያ ይደርሳል።

ይህን በጽሑፍ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ አልጄሪያ ውስጥ ዳኛ የነበረው ፈረንሳዊው ፑያን ነው። ከስዊዘርላንዳዊው ኮረቮን ጋር ሆኖ በ1916 አሳተመው። የኬሚስትሪው ምስጢር የተፈታው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1999 ፍሎሪያን ሺስትልና ባልደረቦቹ በአንድ የኦፍሪስ ዝርያ ላይ እንዳሳዩት፣ አበባው የሚያወጣው ጠረን የሴቷ ንብ ቆዳ ላይ ካለው ሰም መሰል ንጥረ ነገር ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንዲያው የሚመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ንጥረ ነገሮቹ ራሳቸው አንድ ናቸው፤ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው።

ይህ ለእርስዎ ጥያቄ ምን ይፈይዳል? ብዙ። ወንዱን ንብ ከሩቅ የሚጠራው ጠረኑ ነው። ጠረኑ ከተበላሸ ተክሉ ዘር አያፈራም። ስለዚህ ጠረኑ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር አለ። የከንፈሩ ቅርጽም እንደዚያው ነው፤ ንቡ በትክክለኛው አቅጣጫ ካላረፈ ብናኙ ግንባሩ ላይ አይጣበቅም። ዙሪያውን ያሉት ቅጠሎች አረንጓዴ ቢሆኑ ወይም ሮዝ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም። ቀለሙ ልቅ ነው። እኛ ሰዎች ደግሞ ማሽተት የማንችለውን ጠረን ትተን መጀመሪያ የምናየው ቀለሙን ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቀለም ምንም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቀርጤስ ላይ ኦፍሪስ ሄልድራይኪ በሚባለው ላይ የተሠራ ሙከራ ሮዝ ቅጠሎቹ ወንዱን ንብ በቅርብ ርቀት ይበልጥ እንደሚስቡ አሳይቷል። ኦፍሪስ አራክኒቲፎርሚስ የተባለው ደግሞ እንደ እርስዎ አበባ አረንጓዴም ነጭም ሮዝም የሚሆን ነው፤ እሱ ላይ ሲሞከር ንቡ ለቀለሙ ደንታ አልነበረውም። እንደ ንቡ ይለያያል ማለት ነው።

የጥለቱ መለያየት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወንዱ ንብ ሞኝ አይደለም። አንዴ የተታለለበትን አበባ ያስታውሳል፤ ወደዚያው መመለስ አይፈልግም። ጎረቤቱ ያለው አበባ ትንሽ ለየት ያለ ጠረን ወይም ለየት ያለ ጥለት ካለው ግን «ይቺ ሌላ ናት» ብሎ እንደገና ይሞክራል። በአንድ ግንድ ላይ ያሉ አበቦች እንኳ ጠረናቸው በመጠኑ እንደሚለያይ ተለክቷል። እንግዲህ ከአንዱ አንዱ መለያየቱ ለአታላይ ትርፍ አለው።

በዚህ ላይ ወገኑ ገና ወጣት ነው። ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርብ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲበቅሉ ይዳቀላሉ፤ ዲቃላዎቹም ብዙ ጊዜ ዘር ያፈራሉ። ድንበሩ የደበዘዘው ለዚህ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምኑን እንመን? ቀለሙን ለጊዜው ይርሱትና ቅርጹን ይመልከቱ። አበባው ስድስት ክፍል አለው። ሦስቱ ውጫዊ ቅጠሎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ጎን። እርስዎ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሮዝ ያሉት እነዚህን ነው። ከነሱ መሀል ሁለት አጫጭር፣ ጠጉራም ውስጠኛ ቅጠሎች አሉ። ስድስተኛው ንቡ የሚያርፍበት ቡናማ ከንፈር ነው። ከከንፈሩ በላይ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው አካል አንድ ላይ የተጣበቁበት ምሰሶ ቆሟል።

በአምቢሊካታ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው የላይኛውን ውጫዊ ቅጠል ነው። ይህ ቅጠል ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ምሰሶውን ይሸፍነዋል፤ ነጠላ የተከናነበች ሴት ይመስላል። በአካባቢው ካሉት ሌሎች ኦፍሪሶች በብዙዎቹ ላይ ይህ ቅጠል ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይለጠጣል። በፎቶ አንድና ሁለት ላይ መከናነቡ ከጎን በደንብ ይታያል። ሦስተኛውን ያነሱት ፊት ለፊት ስለሆነ እንደዚያ አይታይም። ግን ቅጠሉ ከሁለቱ የጎን ቅጠሎች አጥሮ ይታያል አይደል? አላጠረም። ወደ እርስዎ ስለታጠፈ ነው አጭር የመሰለው። ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ብዙ ሰው የሚያሳስተው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ከንፈሩን ይዩ። የአምቢሊካታ ከንፈር ትንሽ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሦስት የተከፈለ ነው። ሁለቱ የጎን ክፍሎች ወደ ፊት የወጡ ጠጉራም ጉብታዎች ይሠራሉ። የመሀሉ ክፍል ክብ ብሎ ያበጠ ነው፤ ጠርዙ ወደ ኋላ ስለሚጠቀለል ከፊት ሲያዩት ጠበብ ይላል። ጫፉ ላይ ደግሞ ቢጫማ አረንጓዴ የሆነች ሹል ነገር አለች። ይህች ሹል ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ላይ ትቀናለች። የትም ይሁን የት፣ ምን ቀለም ይሁን፣ እሷን ይፈልጓት። በሦስቱም ፎቶዎችዎ ላይ አለች።

ከንፈሩ ላይ ያለው ጥለት ግን መታመኛ የለውም። አንዱ ላይ መስቀል ይሠራል፤ ሌላው ላይ ሁለት ክብ ከነድልድያቸው፤ ሌላው ላይ ውስጡ የተዥጎረጎረ ሰፊ ምልክት። የሚጋሩት ነገር ቢኖር በነጣ ወይም በቢጫማ መስመር መከበባቸው ነው። ጥለቱን ብቻ እያዩ ስም የሚያወጡ ሰዎች አሉ። አንድ ኮረብታ ላይ ግማሽ ቀን ቢያሳልፉ አሥር ስም ያወጡ ነበር።

አሁን መተግበሪያው የሰጠዎትን ሌሎቹን ሁለት ስሞች እንያቸው።

ስኮሎፓክስ የምዕራብ ሜዲትራኒያን ሰው ነው፤ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሰሜን አፍሪካ። እሱም ሁለት ጉብታና ወደ ላይ የቀናች ሹል ጫፍ አለው፤ ስለዚህ መመሳሰሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። እንዲያውም የምሥራቁን አበባ በስኮሎፓክስ ሥር ያስገቡት የነበሩ ሰዎች አሉ። ግን የስኮሎፓክስ የላይኛው ቅጠል አይከናነብም፤ ቀና ብሎ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ሼሜሽ ላይ አይበቅልም። መተግበሪያ ፎቶ ከፎቶ ነው የሚያመሳስለው፤ የቆሙበትን አገር ሁልጊዜ አይጠይቅም። የቦታ መረጃ እንዲጠቀም ከፈቀዱለት ትንሽ ይሻሻላል።

አፒፌራ እስራኤል ውስጥ አለ፤ ግን ያገኙት እሱ አይደለም። አፒፌራ ዘግይቶ ነው የሚያብበው። የከንፈሩ ሹል ጫፍ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ታጥፎ ከሥሩ ይደበቃል፤ ከፊት ሲያዩት የለም ያሰኛል። የምሰሶው ጫፍ ረጅምና ጠመም ያለ ነው። ሌላም ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ ንብ አይጠብቅም። የብናኙ ጥቅሎች በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ወደ ፊት ይወድቁና የራሱን ሴቴ አካል ይነካሉ። በራሱ ብናኝ ዘር ያፈራል። ስለዚህ አፒፌራ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫዎቹ ጥቅሎች ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ያገኟቸዋል። በእርስዎ ፎቶዎች ላይ ጥቅሎቹ በቦታቸው ናቸው።

እርስዎ ባይጠይቁኝም በዚያው አካባቢ ሊያሳስቱ የሚችሉ ሌሎች ሁለት አሉ። ኦፍሪስ ዲንስሞሪ ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይም ነጭ ነው፤ ሹል ጫፉም ወደ ላይ ትቀናለች። ከንፈሩ ግን ሰፊና ያልተከፈለ ነው፤ ቅጠሉም አይከናነብም። ኦፍሪስ ትራንስሂርካና ደግሞ ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ከንፈሩ ጥቁር ሊባል የሚችል ነው። እሱን አንዴ ካዩት ሌላ ጊዜ አይሳሳቱትም።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል፤ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ግራ እንዳይገባዎት። አምቢሊካታ የሚለውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው ዴፎንቴን ነው፤ በ1807። በ1923 ደግሞ ፍላይሽማንና ቦርንሚለር የካርሜል ተራራውን ኦፍሪስ ካርሜሊ ብለው ሰየሙት። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ዝርያ ያያቸዋል፤ ቀዳሚው ስም ስለሚጸና አምቢሊካታ ይባላል። ግን የቆዩ የእስራኤል ጽሑፎች ላይ ካርሜሊ የሚለውን ያገኛሉ። ከፋፍለው የሚያዩ ሰዎች አረንጓዴውን ብቻ ካርሜሊ ሲሉ ይሰማሉ። ግሪክ ውስጥ ኦፍሪስ አቲካ የሚባል ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ዘመድ አለው። ቆጵሮስ ላይ ደግሞ ከንፈሩ ሰፊ ቢጫ ጠርዝ ያለው ፍላቮማርጂናታ የሚባል አለ። እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘር ቅርንጫፎች ናቸው። ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው የሚል ክርክር አለ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የእርስዎ ሦስት ፎቶዎች አንድ ናቸው ያልኩበት ትልቁ ምክንያት ግን ከቅርጹም ሌላ ነው። ሦስቱንም ያገኙት አንድ ዳገት ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት ነው። ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ቢሆኑ ኖሮ በመሀላቸው ክፍተት ባዩ ነበር፤ አንዱ ቀደም ብሎ ሲጠወልግ ሌላው ገና ሲፈነዳ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዱ ከጥላ ሌላው ከፀሐይ። ከእርስዎ ፎቶዎች ጀርባ በደበዘዘው ክፍል ላይ ሌሎች አበቦች ይታዩኛል። አንዳንዶቹ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሮዝ ሰረዝ ያለው ነጭ ናቸው። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ተክል አይተው ስም ለመስጠት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ዝም ብለው ዞር ዞር ይበሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ተክል ይዩ። ሁሉም ላይ የማይለወጠው ምንድን ነው? የሚለወጠውስ? የማይለወጠው እሱ ነው ምልክትዎ። ከአንድ ግንድ ላይም የታችኛውና የላይኛው አበባ አንድ አይደሉም። የታችኛው ቀድሞ የፈነዳ ነው፤ ሲያረጅ ቀለሙ ይነጣል፤ ከንፈሩም ይጠወልጋል። ከመሀል ያለውን፣ በቅርብ የተከፈተውን ይምረጡ።

ፎቶ ሲያነሱም እንደዚሁ። ከላይ ወደ ታች አያንሱ፤ ጉልበትዎ ቻል ካደረገ በርከክ ይበሉና ስልኩን በአበባው ቁመት ያድርጉት። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ደግሞ ሙሉውን ተክል ከመሬት ላይ ካሉት ቅጠሎቹ ጋር። የጎኑ ከሁሉ ይበልጥብኛል። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የሰቅል ሳንቲም ማስቀመጥ ይቻላል። ቀኑን ይጻፉ። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው ወይስ ሌላ፣ ጥላ ነው ወይስ ገላጣ፣ ያም ይረዳል። ጥላ ውስጥ የስልክ ካሜራ ቀለሙን ሊያዛባው ይችላል፤ ስለ ቀለም እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ በዓይንዎ ያዩትን ይጻፉት። በርከክ ከማለትዎ በፊት ደግሞ መሬቱን ይዩ። ያላበቡ ትናንሽ ተክሎች ቅጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ለማንሳት አምስቱን የሚረግጥ ብዙ ነው። ትክክለኛውን ቦታ ለሁሉም ሰው በሚታይ ገጽ ላይ ባይለጥፉት እመርጣለሁ።

አራተኛው ፎቶ ቀላል ነው። ከንፈሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠርዙ ጠጉር የሌለው ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ መሀሉ ላይ ሰማያዊማ ግራጫ ምልክት አለ፤ ጉብታም ሹል ጫፍም የለውም። ይህ የቢጫዎቹ ኦፍሪስ ቡድን ነው። አንዳንዱ ኦፍሪስ ሉቴያ ገሊላያ ይለዋል፤ ሌላው ኦፍሪስ ሲኩላ። ገሊላያ የሚለውን ስም በ1923 ያወጡት እነዚያው ፍላይሽማንና ቦርንሚለር ናቸው። የዚህኛው ንብ ሌላ ነው። አምቢሊካታን የሚጎበኙት ወንዶቹ ረጅም አንቴና ያላቸው፣ ዩሴራ የሚባሉ ንቦች ናቸው። ይኼኛውን ግን አንድሬና የሚባሉ፣ መሬት ቆፍረው ለየብቻ የሚኖሩ ትናንሽ ንቦች ይመጡበታል። አቀማመጣቸውም ተገላቢጦሽ ነው። ዩሴራ ራሱን ወደ ምሰሶው አድርጎ ያርፋል፤ ብናኙ ግንባሩ ላይ ይጣበቃል። አንድሬና ዞሮ ጀርባውን ወደ ምሰሶው ይሰጣል፤ ብናኙ ከኋላ፣ ሆዱ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። የከንፈሩ ጠጉር የሚተኛበት አቅጣጫ ነው እንዲህ የሚያዞረው። ጎን ለጎን በቅለው ብዙ የማይደባለቁት በዚህ ነው፤ ንቡም ሌላ፣ ብናኙ የሚጣበቅበትም ሌላ።

አምስተኛው ፎቶ ከሁሉ ይበልጥ እንግዳ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ያነሰ አስቸጋሪ ነበር። ከንፈሩ ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ የለበትም። ቅርጹን ይዩ፦ የተከናነበ ቅጠል፣ ሁለት ጉብታ፣ ወደ ላይ የቀናች ሹል ጫፍ። ሁሉም አለ። የጎደለው ቡናማውን የሚሠራው ቀለም ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ቀለም አልባ ተክል በብዙ የኦፍሪስ ዝርያዎች ውስጥ አልፎ አልፎ ይወለዳል። አዲስ ዝርያ አይደለም፤ ብርቅ ነገር ስላዩ ግን ደስ ይበልዎት።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። ኦፍሪስ ኢትዮጵያ ውስጥ አይበቅልም። ግን እናትዎ ከንቱ ነገር አላወሩም። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ መሬት ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች ብዙ ናቸው። ሳቲሪየምና ሃቤናሪያ የሚባሉት በክረምት ዝናብና በመስከረም አካባቢ ሣር መሀል ብቅ ይላሉ። አንድ ግንድ፣ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ አበቦች፣ ሲነቀል ድቡልቡል ሥር። ያዩት ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ መልክ ይኖራቸዋል፤ ንብ የሚያታልለው ግን የሜዲትራኒያኑ ነው። ካስታወሱት የአበባውን ቀለምና ያብብ የነበረበትን ወር ይጠይቁልኝ።

የበረንዳውን ነገር በተመለከተ፣ እናትዎን ላለማስቀየም ሲሉ እንኳ አያድርጉት። አንደኛ፣ አይሆንም። የኦፍሪስ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ ለችግኙ የሚሆን ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር ካልተገናኘ ሊበቅል አይችልም። ሥሩም ካደገ በኋላ ከዚያ ሻጋታ ጋር ነው የሚኖረው። ነቅለው ከሱቅ በተገዛ አፈር ላይ ቢተክሉት ያለው ስንቅ እስኪያልቅ ቅጠል ያወጣ ይሆናል፤ ከዚያ ይሞታል። ከመሬት በታች ሁለት ድቡልቡል ሥር አለው። አንዱ የዘንድሮውን አበባ ያበቀለው ነው፤ እየተሟሸሸ ይሄዳል። ሌላው ለከርሞ ስንቅ የሚጠራቀምበት ነው። ሲያብብ መንቀል የሚቀጥለውንም ዓመት መውሰድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕግ አለ። እስራኤል ውስጥ የዱር ኦርኪዶች በሙሉ ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። መንቀል ብቻ ሳይሆን መቅጠፍም መሸጥም ክልክል ነው። በ1960ዎቹ የዱር አበባ አትቅጠፉ የሚል ትልቅ ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ ዛሬ ልጆችዎ ትምህርት ቤት የሚማሩት የዚያ ዘመቻ ውርስ ነው። ወደ ሌላ አገር መላክ ቢያስቡም ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

ይህ ጥበቃ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በብርድ ወቅት የሚጠጣው ሳህላብ ከዚህ ዓይነት ሥር ነበር የሚሠራው። ሥሩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በወተት ይፈላል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከአንድ ሺህ በላይ ሥር ያስፈልጋል። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚሸጠው ባብዛኛው የበቆሎ ስታርች ነው፤ ግድ የለም፣ ቀረፋና ኮኮናት ሲነሰነስበት ይጣፍጣል። ቱርክ ውስጥ ግን ለመጠጡም፣ ማራሽ ለሚባለው አይስክሬምም ሥሩ አሁንም ከዱር ይለቀማል፤ አንዳንድ ቦታ ኦርኪዱ ክፉኛ ሳስቷል። እናትዎ በረንዳቸው ላይ ኦርኪድ ከፈለጉ ከአበባ ሱቅ ፋላኖፕሲስ ይግዙላቸው። የሚመጣው ከሐሩር እስያ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ ነው። ቀጥታ ፀሐይ አይወድም፤ ስለዚህ ከበረንዳው ይልቅ መስኮት አጠገብ ያድርጉት።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎት። እውነተኛውን አፒፌራ ማየት ከፈለጉ በሚያዝያ ወደ ካርሜል ወይም ወደ ገሊላ ሲሄዱ እርጥበት ያለው ሣር መሀል ይፈልጉት። ካገኙ ከጎን ያንሱልኝ። የላይኛው ቅጠል ቀና ብሎ ከቆመ፣ ሹሏ ጫፍ ከፊት ካልታየች፣ ቢጫዎቹ ጥቅሎችም ወደ ውጭ ከተንጠለጠሉ እሱ ነው፤ መተግበሪያውን መጠየቅም አያስፈልግዎትም።